ቅርፊት ያለው አሳ

ደሴ ተወልዶ ደሴ ልብስ ሲሰፋ ያረጀ ሰው፣ በስተርጅናው አሳ አጥማጅ ሆንኩ ቢል የሚያምነው የለም። እኔንም ያመነኝ አልነበረም። ከተማችን በብርድ፣ በጭጋግና በዳገት እንጂ በአሳ አትታወቅም። አሳ ያማረው ሰው ሐይቅ ወርዶ የተጠበሰ ይበላል፣ ወይም ፒያሳ አካባቢ እስኪመጣ ጠብቆ ይገዛል። እኔ ግን አንድ ነገር ከያዘኝ አይለቀኝም። ባለቤቴ "ጅን እንኳ ዱአ ሲደረግበት ይለቃል፣ አንተን የያዘህ ምን እንደሆነ አላህ ይወቀው" ትለኛለች።

ነገሩን ያመጣችብኝ የእህቴ ልጅ ናት። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ስትመለስ ለሌላው ሁሉ ሽቶና ጨርቅ፣ ለኔ ግን አንድ ረጅም ከረጢት ይዛ መጣች። የአሠሪዋ ባል ሊጥለው ሲል "ለአጎቴ ይሆነዋል" ብላ የተቀበለችው ነው፤ ምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። ስከፍተው እየተሰካካ የሚረዝም ቀጭን ዘንግ፣ ወፍራም ቢጫ ክር የተጠመጠመበት ማጠንጠኛ፣ በአንዲት ትንሽ ጣሳ ውስጥ ደግሞ ላባና ጠጉር የለበሱ መንጠቆዎች አገኘሁ።

ልብስ ሰፊ ልብስ የለበሰ መንጠቆ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። አንዱን አንስቼ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ክሩ እንዴት ተጠጋግቶ እንደተጠመጠመ፣ ቋጠሮው የት እንደተደበቀ፣ ላባው ወደ ኋላ እንዴት እንደተኛ እያየሁ "የሠራው ሰው እጁ ይባረክ" አልኩ። ስልኬ ላይ ፈልጌ ስሙ ስትሪመር እንደሚባል አወቅሁ። ሌሎቹ ማታለያዎች ዝንብና ትል ሲመስሉ፣ ስትሪመር የሚመስለው ትንሽ አሳ ነው። ውሃ ውስጥ ጥሎ ክሩን በግራ እጅ ሳብ፣ ሳብ ሲያደርጉት ላባው ይከፈታል ይዘጋል፣ ጠጉሩ ይዋኛል። ትልቁ አሳ ትንሹን አሳድጄ ዋጥኩ ሲል መንጠቆውን ይውጣል። ሲያወሩት ቀላል ነው።

መወርወሩን የተማርኩት ደረቅ መሬት ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ሱቄን ከመክፈቴ በፊት ከቤታችን በላይ ካለችው ሜዳ እወጣና በመንጠቆው ፋንታ የሸሚዝ ቁልፍ አስሬ፣ ጅራፍ እንደሚያጮህ ሰው ዘንጉን ወደ ኋላ ወደ ፊት አወናጭፋለሁ። ቁልፉ አንዳንዴ ጆሮዬን፣ አንዳንዴ የሰው የልብስ ማስጫ ገመድ ያገኛል። ሰፈሩ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ፣ በኋላ ለመደኝ። መሳቁን ያልተወው ጎረቤቴ ብቻ ነው።

ጎረቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። ግድግዳችን አንድ ነው፤ እሱ ወዲያ ሲያስነጥስ እኔ ወዲህ ሆኜ "ይማርህ" እለዋለሁ። ልጆቻችን አብረው አደጉ፤ ጨውና ክብሪት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲመላለስ ኖረ። ዘንጌን ባየ ቁጥር "ዛሬስ ምን አጠመድክ? ጆሮህን ነው ወይስ የሰው አንሶላ?" ይለኛል። እኔም በበኩሌ መኪናውን አንድ ጊዜ ሐርቡ ላይ ቦይ ውስጥ የከተተውን አስታውሰዋለሁ። እንዲህ ነው የምንዋደደው።

ከሱ ጋር ያልተካፈልነው ነገር የለም እል ነበር፣ ሥጋ ባይኖር። እሱ ክርስቲያን ነው፣ እኔ ሙስሊም። ይህ ወሎ ውስጥ ወሬ አይሆንም፤ እሱ ለመውሊድ ይመጣል፣ እኔ ለጥምቀት ታቦት እሸኛለሁ፣ ለቅሶና ሰርግ የጋራ ነው። ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም ወደየራሱ ነው። የኔን ሙስሊም ያርደዋል፣ የሱን ክርስቲያን ያርደዋል፣ አንዱ ከሌላው አይበላም። ማንም በዚህ አይቀየምም። እሱ ሲደግስ ለኛ ተብሎ በኛ ሰው የሚታረድ በግ አለ፣ ለብቻው የሚጣድ ድስት አለ፣ ለብቻው የሚቀርብ ትሪ አለ። እኔም ስደግስ እንደዚያው አደርጋለሁ። ከልጅነት ጀምሮ ያየነው ስለሆነ ሌላ መንገድ ይኖራል ብለን አስበንም አናውቅ። አብረን ስንበላ የበላነው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው። አሳ ደግሞ እንዲሁ ሳይገጥመን ቀረ፤ እሱ መንገድ ላይ ነበር፣ እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ።

ዘንድሮ ጥር ላይ የጎረቤቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ ወላጆቿን ወደሷ ልትወስድ ቆረጠች። የሱ ጉልበት የደሴን ዳገት እምቢ ካለ ቆይቷል። ሚስቱን ቀድማ ወሰደች፤ እሱ ቤቱን አስረክቦ ሊከተል ሆነ። የሚሄድበት ቀን ሁዳዴ የሚገባበት ሰኞ ነው። ረመዳንም በዚያው ሳምንት ስለሚገባ፣ ሁለታችንም በየፊናችን ልንጾም ነው። አንድ ማታ ቤታችን ሽሮ እየበላን እንዲህ አለኝ፤

"ሁሉን ነገር አድርጌ ጨረስኩ። ካንተ ጋር በአንድ ትሪ ሥጋ ሳልበላ መሄዴ ብቻ ነው የሚቆጨኝ።"

እየቀለደ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል ግን ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። ያን ጊዜ ነው ልቤ ስንጥቅ ያለው። ሰውዬው ሊሄድ መሆኑ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለካ አልገባኝም ነበር።

"አሳ አይታረድ" አልኩት። "ከውሃ የወጣ አሳ ላንተም ለኔም አንድ ነው። ነገ ገዝቼ አመጣለሁ፣ አብረን እንበላለን።"

ትንሽ አሰበና የድሮ ተንኮሉ ወደ ፊቱ ተመለሰ። "የተገዛ አልበላም። ያንን ጅራፍ ስታጮህ ሳቄን አፍኜ የከረምኩት በነጻ ነው እንዴ? ከዘንግህ የወጣ ከሆነ እበላለሁ።"

"ወላሂ ታበላዋለህ" አለችኝ ባለቤቴ በኔ ፋንታ ምላ። "አሳው እምቢ ካለ እኔ ራሴ ወንዝ ውስጥ እገባለሁ።"

እንግዲህ ጣጣው ይሄ ነው። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ሁዳዴ ሳይገባ ሁሉም ልጁን ለመዳር ይሯሯጣል፣ ሱቄ የሙሽራና የሚዜ ልብስ ተከምሮበታል። ረቡዕና ዓርብ እሱ ይጾማል። እሑድ ቅበላ ስለሆነ ዘመዶቹ ወስደው ሊያበሉት ቀጥረውታል። ሥራዬን አስጨርሼ ቀና ስል ከመሄዱ በፊት ሐሙስና ቅዳሜ ብቻ ቀርተውኛል። እስከዚያ ቀን ደግሞ ከዘንጌ የወጣው አሳ ሁሉ ቢደመር አንድ ድመት አያጠግብም።

ረቡዕ ማታ ጣሳዬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። የጅዳዎቹ መንጠቆዎች ከድንጋይና ከቁጥቋጦ ጋር ሲታገሉ አልቀው ነበርና፣ አሁን ያሉኝ እኔ ራሴ የሠራኋቸው ናቸው። ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ከጥቁር ፍየል ጠጉር የተሠሩ፣ ሰውነታቸው ላይ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ከባዶች ናቸው፤ ሽቦውን ኮምቦልቻ ሞተር የሚጠመጥም ወዳጄ ነው የሰጠኝ። ሁለተኞቹ ነጫጭ፣ ቀላልና ትንንሽ ናቸው። ከባዱ እስከ ወለል ይሰምጣል፣ ቀላሉ ከላይ ከላይ ይሄዳል። የትኛውን እንደምይዝ ማሰብ አላስፈለገኝም። ትሪ የሚሞላ አሳ ነው የምፈልገው፤ ትልቅ አሳ ደግሞ ጥልቅ ውስጥ ይተኛል። ጥቁሮቹን መረጥኩ። ከወፍራሙ ክር ጫፍ የምትታሰረውን የናይለን ክርም ወፈር ያለችውን አደረግሁ። በምርጫዬ በጣም ተማምኜ ነበር፤ የተማመንኩ ቀን ደግሞ የሚሆነውን አውቀዋለሁ።

ሐሙስ ማለዳ በሚኒባስ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ሐርቡ ወረድን። ጎረቤቴ ጉልበቱን እያሸ አብሮኝ ሄደ፤ "በዓይኔ ካላየሁ ከገበያ ገዝተህ አጠመድኩ ብትለኝስ?" አለ። ከደሴ ብርድ ኮት ደርቦ ወጥቶ ሐርቡ ሲደርስ በሸሚዝ የሚቀር ሰው ማየት ሁልጊዜ ያስቀኛል። ቦርከና ራሱ ላይ አላጠምድም፤ ከተማ ለከተማ ዞሮ የመጣ ውሃ አሳ ሆዴ አይወደውም። ወደ ቦርከና የምትገባ ጥርት ያለች ገባር ወንዝ አለች። ባጃጁ እስከ አንድ ገበሬ የሽንኩርት ማሳ ያደርሳል፣ ከዚያ ትንሽ በእግር ነው። ገበሬው ከዚህ በፊት ስላየኝ ያውቀኛል።

"አሰላሙ ዓለይኩም። ዛሬም በዚያች አለንጋ ነው?" አለን።

"ወዓለይኩም ሰላም። ዛሬ ሽማግሌ ምስክር ይዤ ነው የመጣሁ" አልኩት።

"አብሽሩ፣ አላህ ያለው አይቀርም። ከሾላው ሥር ያለውን ጥልቁን ሞክሩት።"

ከሾላው ሥር ውሃው ጠቁሮ ተኝቷል። ጥቁሩን ስትሪመር ወረወርኩና እስኪሰምጥ ጠበቅሁ። ከዚያ በጣም በዝግታ፣ ወለሉን እየዳሰሰ እንዲመጣ አደርገው ጀመር። አንድ ጣት ያህል ሳብ፣ ዝም፤ ሳብ፣ ዝም። እንዲህ ያለ ሥራ ለኔ ይስማማኛል፤ የእጅ ስፌት እንደመስፋት ነው። ጎረቤቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲያሳድድ የኖረ ሰው ስለሆነ እያዛጋ "በዚህ ማርሽ ከሆነ ሁዳዴ እዚሁ ይገባብናል" ይለኝ ነበር።

ረፋድ ላይ ክሩ ቆመ። ድንጋይ ነው ብዬ ስስበው ድንጋዩ መሄድ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ አልችልም። ዘንጉ ተቆለመመ፣ ማጠንጠኛው ጮኸ፣ እኔም እጮህ ነበር መሰለኝ። አሳው አይዘልም፤ ዝም ብሎ ወደ ታች ይከብዳል። ክሬ ወፍራም ባይሆን ኖሮ ጨርሶኝ ነበር። በስንት ትግል ወደ ዳር ሳመጣው ጎረቤቴ ጉልበቱን ረስቶ ጋቢውን ይዞ ውሃው ውስጥ ገባና በላዩ ተኛበት። ሁለት ሽማግሌዎች ጭቃ ውስጥ ተቃቅፈን ሳቅን። በመካከላችን በጋቢ የተጠቀለለ፣ ክንድ የሚያህል ጺማም አምባዛ ይንፈራገጣል።

ሚኒባስ ውስጥ አሳው ጎረቤቴ ጭን ላይ ነበር። ጺሙን ያየ ተሳፋሪ ሁሉ እግሩን ይሰበስባል። እኔ ለማንም ለሚሰማኝ ስለ መዳብ ሽቦው፣ ስለ ፍየል ጠጉሩ፣ በዝግታ ስለ መሳብ ጥበብ ሳስረዳ ደሴ ደረስን። ጎረቤቴ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት።

ቤት ስንገባ ባለቤቴ "ማሻአላህ" ብላ ቢላዋን ይዛ ቁጢጥ አለች። ወዲያና ወዲህ አገላበጠችው።

"ቅርፊቱ የታል? ምኑን ነው የምፍቀው?" አለች።

"ይሄ ቅርፊት የለውም። ልሙጥ ነው፣ ሥራ አይበዛብሽም" አልኩ በኩራት።

እሷ ግን እኔን ሳይሆን ጎረቤታችንን ነበር የምታየው። ከኔ ቀድሞ ገባት። "ጋሼ፣ እርስዎ ይሄን ይበላሉ?"

"እበላለሁ" አለ ወዲያው። ከአፉ በጣም ቶሎ ነው የወጣችው።

እንደዚያም ብሎ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ተጭኜ ስጠይቀው ነገሩ ወጣ። የነሱ ወግ ክንፍና ቅርፊት ያለውን አሳ ነው የሚፈቅድ፤ ቅርፊት የሌለውን አይበሉም። እናቱም አባቱም አልበሉም፣ እሱም በሕይወቱ አልቀመሰም። የሱን ጾም ከነስሙ ከነወራቱ አውቃለሁ፤ ረቡዕ ቤቱ ስገባ ምን እንደተሠራ ሳልጠይቅ የምናገር ሰው ነኝ። አሳ ግን በመካከላችን ተነስቶ ስለማያውቅ ይሄን አልሰማሁም።

"ታዲያ ወንዙ ዳር ለምን አልነገርከኝም?"

"ፊትህን ብታየው ኖሮ አትጠይቀኝም ነበር" አለ። "እበላዋለሁ አልኩህ እኮ። በዚህ ዕድሜዬ እግዜር በአንድ አሳ አይጣላኝም።"

"እግዜር ባይጣላህ እኔ እጣላሃለሁ" አልኩት። እውነቴን ነው፣ ተናድጄ ነበር። የተናደድኩት ግን በሱ አልነበረም። ለኔ ብሎ ወጉን ሊጥል የተዘጋጀ ሰው ፊት ምን እንደሚባል አላውቅበትም ነበርና ቁጣው ቀረበኝ። "የኔን ደስታ ብለህ ሳትፈልገው ከጎረስከው ያ ትሪ ለኔ ምኔም አይደለም" አልኩና ወጥቼ ደጅ ላይ ቆምኩ። አምባዛውን እኔና ባለቤቴ ተሠርቶ በላነው። ጭቃ ጭቃ ይላል፤ ወይም እንዲያ የመሰለኝ ንዴቴ ነው።

ዓርብ ሱቅ ውስጥ አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን እየለካች፣ እኔ ልቤ ወንዝ ዳር ነው። ቅርፊት ያለው አሳ የትኛው ነው? ገበሬው "ነጭ አሳ" የሚለው አለ፤ ጎኑ ብር የመሰለ፣ ቅርፊቱ ሰፋፊ። እሱ ግን ጥልቅ ውስጥ አይተኛም። ከሾላው በላይ ውሃው ድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ በሚሮጥበት ቦታ፣ አፉን ውሃው ወደሚመጣበት አድርጎ ትንንሾቹን አሳዎች ሲጠብቅ ይውላል። እንግዲያው ሐሙስ ያደረግሁትን ሁሉ መገልበጥ ነበረብኝ። ከባዱ ቀርቶ ቀላሉ፣ ጥቁሩ ቀርቶ ነጩ፣ ወፍራሙ ናይለን ቀርቶ ቀጭኑ። ማታ ከነጭ ፍየል ጠጉር አዲስ ሠራሁ፤ ጀርባው ላይ የቀይ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ፣ ጎኑ ላይ ከቀሚሱ ጥልፍ የተረፈ የሚያብረቀርቅ ክር። ሽቦውን ከራሱ አካባቢ ብቻ ትንሽ ጠመጠምኩ፤ ያለዚያ የሚሮጥ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ጎረቤቴ መነጽሩን አጥልቆ አየውና "ይቺንማ ሙሽራ አደረግሃት፣ ሽማግሌ ልከን እንጠይቃት" አለ። ታርቀን ነበር፤ መጣላታችንም አልታወቀ።

ቅዳሜ የመጨረሻዋ ቀን ናት። ፈጣኑ ውሃ ጋ ደርሼ ገና በመጀመሪያዎቹ ውርወራዎች አንድ ነጭ አሳ ከድንጋይ ጥግ ተፈትልኮ ስትሪመሩን ተከተለው። ጥላው ጎልቶ ይታየኛል። እኔም ልቤ ቀጥ ሲል እጄም ቀጥ ይላል። አሳው ይደርስበታል፣ ያየዋል፣ ዞሮ ይሄዳል። እንደገና ወረወርኩ፣ እንደገና ተከተለ፣ እንደገና ቆምኩ፣ እንደገና ዞረ።

ጎረቤቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ "ባየኸው ቁጥር ለምን ፍሬን ትይዛለህ?" አለኝ። "የሚበላው ከኋላው የመጣበት ነገር ይቆማል እንዴ? እኔ ብሆን ነዳጅ ነው የምረግጠው።"

እውነቱን ነው። ሐሙስ ያበላኝ ዝግታ እጄ ላይ ቀርቶ ኖሯል። አሳው ሲመጣ ይበልጥ አፍጥኜ መሳብ ጀመርኩ። ወዲያው አንዱ ገጨው፤ እኔም ደንግጬ ዘንጉን ወደ ሰማይ አነሳሁት፣ ስትሪመሩም ከአፉ ተመንጥቆ ራሴ ላይ መጣ። ይሄንንም በስልክ አይቼው ነበር፤ በስትሪመር ሲሆን ዘንጉ ዝቅ እንዳለ ክሩን በግራ እጅ ጠበቅ አድርጎ መሳብ እንጂ ማንሳት የለም። ማወቅ ሌላ፣ እጅን ማሳመን ሌላ። አንዱን እንዲህ አጣሁት፣ ሌላውን ደግሞ ቀጭኑ ናይለን በጥሶ ሙሽሪቷን ይዟት ሄደ።

ከቀትር በኋላ ውሃው ዝም አለ። አሳዎቹ ጥላዬን ለምደውት ይሁን ፈርተውት፣ ከድንጋያቸው ንቅንቅ አልል አሉ። ፀሐይዋ ወደ ተራራው መውረድ ጀመረች፤ ወደ ደሴ የሚመለሰው መኪናም አይጠብቅም። ጎረቤቴ ተነስቶ ጋቢውን አራገፈ።

"በቃ፣ እንሂድ" አለ በለስላሳው። "ሞክረሃል። ሽሮም አብረን በልተናል፣ ያው ነው።"

ያው አይደለም። እሱም ያው እንዳልሆነ ያውቃል። ወዲያኛው ዳር ልሻገር ረገጥኩና፣ አረንጓዴ ልጋግ የለበሰ ድንጋይ እግሬን ወሰደው። ውሃው መሐል ቁጭ አልኩ፤ እስከ ደረቴ። ጎረቤቴ ሳቁ እስኪያንቀው ድረስ ሳቀ። እኔ ግን በተቀመጥኩበት ውሃው ወደሚመጣበት በኩል ሳይ አሳዎቹ አልሸሹም። ቆሜ ስሠራ የሚያዩት ዋርካ የሚያህል ሽማግሌ አሁን የለም፤ ውሃው ላይ የቀረው ራስና ትከሻ ነው። ልብሴ እንደሆነ ርሶ አልቋል። ተንበርክኬ፣ ቆቤን አውልቄ፣ ጣሳው ውስጥ የቀረውን አንድ ነጭ ስትሪመር አሰርኩ።

ዝቅ አድርጌ በጎን ወረወርኩት። ውሃው ተቀብሎ አገላበጠው። ከድንጋዩ ጥግ አንዱ ወጣ። ሳብኩ፤ ቀረበ። እጄ ሊቆም ሲል "ነዳጅ!" የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ፈጥኜ ሳብኩ፣ ሳብኩ፣ ክሩ ጠበቀ። ዘንጉን አላነሳሁም። በግራ እጄ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጌ ሳብኩት። ያዘ።

ይሄኛው እንደ አምባዛው ወደ ታች አይከብድም፤ ይሮጣል፣ ወርዶ ይሮጣል፣ ዞሮ ይመለሳል። ክሩ ቀጭን ስለሆነ እሱ ሲሮጥ እየለቀቅሁ፣ ሲደክም እየጠቀለልኩ፣ በጉልበቴ እየዳህኩ ወደ ዳር መጣሁ። ጎረቤቴ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አነሳው። ትልቅ አይደለም፤ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው። አውራ ጣቱን ከጭራው ወደ ራሱ በኩል ቀስ አድርጎ አሻሸው። ቅርፊቱ ከጣቱ ሥር ቀጭ ቀጭ አለ።

"አለው" አለኝ። "ቅርፊት አለው።"

ቤት ስንደርስ እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ልብስ ስቀይር፣ ባለቤቴ ቅርፊቱን በደስታ ፈቀፈቀችው። ቅርፊቱ ግድግዳው ላይ ሁሉ ተለጥፎ ነበር። በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ አሽታ ጠበሰችው። ጎረቤቴ ለዚህ ማታ ብሎ የበዓል ሸሚዙን ለብሶ መጣ፤ እኔ የሰፋሁለት ነው። እጃችንን ታጠብን፣ ተቀመጥን። እኔ "ቢስሚላህ" አልኩ፣ እሱ አማተበ። እጄን ወደ እንጀራው ሰደድኩ።

እሱ አልጀመረም። ከፊቱ ያለውን ያያል።

"ጋሼ፣ ጨው በዝቶበት ይሆን?" አለች ባለቤቴ ተጨንቃ።

ያን ጊዜ እኔም አየሁት። ከፊቱ አንድ ትሪ አለ፣ ከፊቴ አንድ ትሪ አለ። አሳው ከመሐል ተቆርጦ ግማሹ እዚያ፣ ግማሹ እዚህ ተቀምጧል። እሷ ሳታስበው እንደ ሁልጊዜው ለየብቻ አቅርባልናለች፤ እኛም እንደ ሁልጊዜው ለየብቻ ተቀምጠን፣ ለየብቻ ባርከን ልንበላ ነበር።

ባለቤቴ አፏን በሻሿ ያዘች። "ወይኔ ጋሼ፣ እጄ ነው፣ እጄ ለምዶ ነው" እያለች ልታነሳ ስትሮጥ እሱ ቀደማት። ጉልበቱ ቀጭ እያለ ተነሳ። ትሪውን ከነእንጀራው አምጥቶ የኔ ትሪ ላይ ገለበጠው። ሁለቱ ግማሾች ጎን ለጎን ወደቁ።

"አንቺም ነይ እንጂ" አላት። ከዚያ ወደ ኔ ዞረ።

"ጠጋ በል" አለኝ።

ጠጋ አልኩለት።